ከባሌስትራ የሠራሁት የቶርኖ መሮ ስለት አልይዝ አለኝ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣

በጓሮዬ ባቆምኳት አነስተኛ የእንጨት ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከሩ በመሮ የሚልጡበት ማሽን) የበርጩማ እግርና ዘነዘና እሠራለሁ። የቶርኖ መሮ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ፣ ራሴ ልሥራው ብዬ ከምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ ሞረድና ቁራጭ ባሌስትራ (ከመኪና ሥር ያለ ጠፍጣፋ የሞላ ብረት) ገዛሁ።

የሞረዱን ጥርስ በግራይንደር አንስቼ፣ ጫፉን ስዬ ወደ ሥራ ብገባ፣ ዋንዛውን ደህና ሲልጥ ቆይቶ ወይራ ላይ ሲደርስ እንደ ብርጭቆ ተሰበረና ስባሪው ጆሮዬን ታክኮ አለፈ። መነጽር ማድረጌ በጀኝ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ሞረድ እጅግ ጠንክሮ የሚሠራ ብረት ስለሆነ፣ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ካልለዘበ (እንደገና ሞቆ ስብራቱ ካልተቀነሰ) ድንገተኛ ምት አይችልም።

ባሌስትራውን ግን ማግኔት መያዝ እስኪያቆም ድረስ በከሰል እሳት አግዬ፣ እንዲጠነክር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነከርኩት፤ ቀጥሎም ጠርጌ፣ እንዲለዝብ የገለባ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ በብረት ምጣድ ላይ አሞቅሁት። አይሰበርም፤ ሆኖም ወይራ ላይ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስለቱ ይታጠፋል፣ በጥፍሬ ስዳስሰውም የተጠቀለለው ጠርዝ ይይዘኛል። አዲስ ሞረድ ሳሳርፍበት ደግሞ ሳይንሸራተት ይበላዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ አልጠነከረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከእሳቱ እስከ ዘይቱ ቆርቆሮ ሦስት እርምጃ ያህል እሄዳለሁ፤ ብረቱ በመንገድ ላይ ቀዝቅዞብኝ ይሆን? ወይስ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አያቀዘቅዘውም? ዘይቱን አስቀድሜ ለብ ባደርገው ይሻላል ወይስ በውኃ ልንከረው? ውኃው እንዳይሰነጥቅብኝ ፈርቻለሁ። ባሌስትራ አጠንክራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ የሠራችሁበትን አካሄድ በዝርዝር ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።