የጀምስ ተርበር «ዘ ካትበርድ ሲት»፦ ቀልዱን ከየት ጀምሬ ልተንትን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የእ.ኤ.አ. 1942 የቢሮ ፉክክር አጭር ልቦለድ ለክፍል ትንተና ተሰጥቶኛል። ታሪኩ ገብቶኛል፤ የሚያስቀው ለምን እንደሆነ ግን በጽሑፍ ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ 1፦ ከማርቲን ዝና ጀምር። የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነው፤ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ አለቃው ፊትዋይለርም አይሳሳትም ብለው ያምኑበታል። የአለቃው ልዩ አማካሪ የሆነችውን ተቀናቃኙን ወይዘሮ ባሮውስን ሊገድል ቤቷ ይሄዳል፤ እዚያ ግን ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ አለቃውን ሊገድል እንዳሰበ ይነግራታል። በማግስቱ ያየችውን እንዳለ ስትናገር እንደ እብድ ተቆጠረች። ወረቀት ለሁለት ክፈልና አንባቢው የሚያውቀውን በአንድ ወገን፣ አለቃው የሚያውቁትን በሌላው ጻፍ። ሳቁ የሚፈጠረው በሁለቱ ልዩነት ነው። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ታሪኩን መልሶ ስለሚተርክ ነው፤ ትረካውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ ቢላዋውን አትለፈው። ማርቲን ባሮውስን ሊገድል መሣሪያ ሲፈልግ የወረቀት መቁረጫ ቢላዋ ያገኛል፤ ግን የደነዘ ነው፤ ሊያነሳው ሲል ደግሞ ትንሽ የናስ ዕቃ ገልብጦ ቴምብሮቹን ይበትናል። አዲሱ ዘዴ፣ ማለትም ብታወራው ማንም የማያምናትን ነገር ፊቷ ማድረግ፣ የመጣለት ዋናው ዕቅድ እዚህ ስለከሸፈ ነው፤ ስለዚህ የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ነው።

መልስ 3፦ እይታውንም መርምር። ሁሉን የምናየው በማርቲን ዓይን ነው፤ ገና ሲጀመር ባሮውስን በሐሳቡ ችሎት አቁሞ ከሷታል። ባሮውስ የምትናገርበት አንድ ገጽ ቢኖር ኖሮ አሁን እንደምንስቀው እንስቅ ነበር? እኔ አይመስለኝም፤ ጠንካራው ክርክርህ ከዚህ ይወጣል።