ለአንድ ጠረፍ አራት ስም፦ አንዱ ይጽደቅ ወይስ ሁሉም ይቆዩ?

አቅራቢ፦ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ትይዩ የሚገኘው የአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት በአንድ ስም ብቻ ሊታወቅ ይገባል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1832 ጆን ቢስኮ በብሪታኒያ ባሕር ኃይል ሹም በሰር ጄምስ ግራሃም ስም «ግራሃም ላንድ» ብሎ ሰየመው፤ አሜሪካውያን በ1820 አካባቢውን ባየው በባሕር እንስሳት አዳኙ በናትናኤል ፓልመር ስም ሲጠሩት፣ ቺሊና አርጀንቲና ደግሞ በነጻነት ጀግኖቻቸው በኦሂጊንስና በሳን ማርቲን ስም ይጠሩታል። ነዋሪ ሕዝብ ለሌለው ምድር ይህ ሁሉ ስም ምን ያደርጋል?

ተቃዋሚ፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ ለዚህ ጠረፍ ስም ያወጡለት ባለይዞታ ነን ባዮች ናቸው። ብሪታኒያ፣ ቺሊና አርጀንቲና በዚሁ መሬት ላይ ተደራራቢ የይገባኛል ጥያቄ አላቸው፤ በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት አራተኛው አንቀጽም ጥያቄውን ሳያጸድቅ፣ ሳይሽርም ባለበት አቆይቶታል። እርስዎ እንደሚሉት አንዱ ስም ቢጸድቅ፣ ስምምነቱ ሆን ብሎ የተወውን ፍርድ በካርታ በኩል መስጠት ይሆናል።

አቅራቢ፦ ታዲያ በ1964 ለንደንና ዋሽንግተን እንዴት ተስማሙ? ሰሜኑን ግራሃም ላንድ፣ ደቡቡን ፓልመር ላንድ፣ ሙሉውን ግን «የአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት» አሉት እኮ።

ተቃዋሚ፦ የተስማሙት ሁለት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሳንቲያጎና ቦነስ አይረስ በዚያ ውል አልተገደዱም።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ከባሕረ ገብ መሬቱ በስተሰሜን ያለችውን አንዲት ደሴት ተመልከቱ። እንግሊዞች «ኪንግ ጆርጅ»፣ ሩሲያውያን «ዋተርሉ»፣ አርጀንቲናውያን የ1810ን አብዮታቸውን በማስታወስ «ሜይ 25» ይሏታል፤ የብዙ አገር ጣቢያዎች ግን በጉርብትና ይሠራሉ። የአንታርክቲካ የምርምር ኮሚቴ የስሞች መዝገብ አገሮች ያወጧቸውን ስሞች ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ ራሱ ስም አያወጣም። ለእኔ የሚበጀው ይኸው ነው፤ መርከበኛም ቢሆን ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ያመለክታል።

አቅራቢ፦ ለመርከበኛው እሺ፤ ካርታ ለሚያነብ ተማሪ ግን ግራ ነው። ቢያንስ ስሙን ተርጉመን አንድ እናድርገው።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ትርጉምም አያድነንም። እሳተ ገሞራዋ «ዲሴፕሽን» ደሴት በእንግሊዝኛ «ማታለል» ማለት ነው፤ ስፓኒሾቹ «ዴሴፕሲዮን» የሚሏት ቃል በእነሱ ቋንቋ በብዛት የሚገልጸው የጠበቁትን ማጣትን ነው። የትኛውን እንተርጉም?