ቁርስ የማይበላ ቀጭን ሰው ኪሎ እንዴት ይጨምር?

ጥያቄ፦ ቁመት 1.70 ሜትር፣ ክብደት 52 ኪሎ። ጠዋት በባዶ ሆድ ቡና ብቻ፣ ከዚያ እስከ 8 ሰዓት ምንም። በጾምም የሚሆን ጤናማ መንገድ አለ?

መልስ፦ 52ን ለ1.70 ካሬ ስታካፍል 18 ይመጣል፤ ይህ ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን የሚያሳይ ቁጥር (BMI) ነው፤ ከ18.5 በታች ስለሆነ መጨመር አለብህ። በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ጨምር። ሽሮው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120፣ 30 ግራም ኦቾሎኒ ወደ 170 ካሎሪ ይሰጣል። በለስላሳና በብስኩት ግን አይሆንም፣ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋል። በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ይበቃል።

መልስ፦ ቡናውን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አቆየው፤ ረሃብን ያፍናል፣ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን የብረት ማዕድንም ይቀንሳል። ጠዋት መብላት ለሚከብደው በሶ ተመራጭ ነው፦ በወተት፣ በጾም በተፈጨ ኦቾሎኒ በጥብጠው። በግማሽ ኩባያ ጀምር፤ ገና ከመነሻው ካበዛኸው ሆድህ ይነፋና ትተወዋለህ።

መልስ፦ ኪሎው ሳታስበው እየቀነሰ ከሆነ መጀመሪያ ተመርመር፦ ሰገራ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፤ ሳልና የሌሊት ላብ ካለ ቲቢ። ወንድሜ፣ የማወፈሪያ ክኒን ግን እንዳትነካ! ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ክኒን ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም በድንገት ማቆሙ አደገኛ ነው።