ጥቆማ፦ ድሬ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ለሚወዱ፣ ኪስ ለማይጎዱ

ቤቴ መጥቶ አሮጌውን ፔንቲየም ያየ ሁሉ «ከየት አገኘኸው? ማን ይሠራልሃል? ብር አይፈጅም ወይ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው። ያላችሁን ጨምሩበት።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። ኮሞዶር 64 ወይም ዜድኤክስ ስፔክትረም የሚባሉትን የድሮ የቤት ኮምፒውተሮች ፍለጋ እዚህ ድሬ ያለውን ታይዋን ገበያ ብትዞሩ ጫማ ነው የምትጨርሱት። ሁለቱም በፈረንጆቹ 1982 የወጡ ናቸው፤ እኛ ሰፈር ግን እምብዛም አልደረሱም። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ያ ግራጫው ፔንቲየም ነው። ሞኒተሩ ከኋላ ሆዱ የወጣ፣ ሥራ ሲያበቃ ዳንቴል የሚለብስ። ከእሱ ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ መለዋወጫው አለ፣ የሚያውቀው ባለሙያም አለ።

ከየት? ታይዋን ላይ ፊት ለፊት የተደረደረው ላፕቶፕ ነው። ሻጩን «ጓዳ የተጣለ ዴስክቶፕ የለህም?» በሉት። ብዙውን ጊዜ አለ። ዋጋው ግን እንደ አፋችሁ ነው፤ «ለትዝታ ነው» ካላችሁ ይጨምራል፣ «ለመለዋወጫ ነው» ካላችሁ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚረክሰው ቆራሌው ጋ ነው። ለእሱ ኮምፒውተር ማለት ብረት ነው፤ ሳይፈታው ከደረሳችሁበት እድለኛ ናችሁ። ቀድማችሁ ነግራችሁት፣ ስልካችሁን ሰጥታችሁት ቆዩ። የመሥሪያ ቤት ጨረታ ለብቻ አይመከርም። በጅምላ ስለሚሸጥ ሃያ ኬዝ ይዛችሁ ቤት ትገባላችሁ። አራት አምስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ግን ከዚያ የተሻለ የለም።

የትም ግዙ፣ ሽፋኑን እዚያው አስከፍቱ። እኔ አንድ ፔንቲየም 4 ሳላስከፍት ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ሱቅ ውስጥ በርቶ አሳዩኝ፣ ደስ ብሎኝ በባጃጅ አመጣሁት። ቤት አሥር ደቂቃ ሠርቶ ድርግም። ከፍቼ ሳየው ሲፒዩው (ዋናው ቺፕ) ዙሪያ ካሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኃይል ከሚያጠራቅሙት ትንንሽ ጣሳ መሳይ ዕቃዎች፣ አምስቱ አናታቸው አብጧል፤ አንዱ ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ይኸው በሽታ አለባቸው። ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። «አልከፍትም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሌላው ከኋላ፣ የመብራት ገመዱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ናት። 115 ወይም 230 ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የኛ መብራት 220 ነው። ሳታዩ ከሰካችሁት አንድ ጩኸት፣ ትንሽ ጭስ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ። እዚህ ላይ ጠበቅ ያለ አስተያየት አለኝ። ከዚራ ሰፈር ያሉት የሞባይል ሠሪዎች እጃቸው ረቂቅ ነው፤ ትልልቅ ካፓሲተር ግን አያስቀምጡም፣ ለአሮጌ ቦርድም ጊዜ የላቸውም። መጋላ ሰፈር ውስጥ ያሉት የድሮ ቴፕና ቴሌቪዥን ሠሪዎች ይሻላሉ። መሳቢያቸው ከሞቱ ቦርዶች በተነቀለ ዕቃ የተሞላ ነው፣ በቴስተር ይለካሉ፣ ከሁሉ በላይ ሥራውን ይወዱታል። ያን ያበጠ ቦርድ የሠሩልኝ አባት አምስቱንም በአንድ ጠዋት ቀየሩት። ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን ብለው አስተማሩኝ፤ የመቀነስ ምልክት (−) ያለበትን ጎን የት በኩል እንደማዞርም አሳዩኝ። ጠዋት ሂዱ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የድሬ ሙቀት እንደምታውቁት ነው።

አሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር ግን ራሳችሁ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለእነሱ ተዉላቸው።

ሲከፈት ሰዓቱን የሚረሳ ኮምፒውተር በሽተኛ አይደለም፤ ባትሪው ነው ያለቀው። መንገድ ዳር ያሉት ሰዓት ሠሪዎች ጋ 2032 የሚባለውን ክብ ባትሪ ጠይቁ። ጽዳት ደግሞ የቀለም ብሩሽና ትዕግሥት ነው። የድሬ አቧራ ፋን ውስጥ ገብቶ እንደ ስሜንቶ ይጋገራል፤ ከሙቀቱ ጋር ሲደመር ሲፒዩ ይገድላል። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፣ ግን ውሃ ስላለበት በደንብ ሳይደርቅ አታብሩት። ካላችሁ ትንሽ ብር ትልቁን ድርሻ ስታቢላይዘር ላይ አውሉት። ዲቫይደር ብቻውን አያድንም። መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው የሚመታው።

ዊንዶውስ 98 ልትጭኑ ከሆነ ሻጩ «ራም ልጨምርልህ» ቢል እምቢ በሉ፤ ከ512 ሜጋባይት ሲያልፍ ይታመማል። ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ዶስ ደግሞ ፍሪዶስ የሚባል ነፃ ምትክ አለ።

ይህ ዕቃ ለጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ጎረቤታችን ያሉ የእድር ጸሐፊ አንዲት ፍሎፒ አምጥተው «የድሮው የአባላት መዝገብ እዚህ ላይ ነው፣ ማንም ሊከፍትልኝ አልቻለም» አሉኝ። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የተጻፈ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት የተዘበራረቀ ምልክት ነው። የኔ ፔንቲየም ላይ ፍሎፒዋ ግር ግር አለች፣ ቆመች፣ እንደገና ግር ግር አለች፣ ከዚያ ስሞቹ በአማርኛ ተደረደሩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር። አብዛኞቹ ሞተዋል።

የፈረንጆቹን 80ዎቹ ማሽን አጥብቆ ለሚፈልግ፦ አስቀድሞ ኢሙሌተር፣ ማለትም አሮጌውን ማሽን አዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ሶፍትዌር፣ ይሞክር። ለኮሞዶር ቫይስ፣ ለስፔክትረም ፊዩዝ፣ ለዶስ ዶስቦክስ። ሁሉም ነፃ፣ ሁሉም ደካማ ላፕቶፕ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ያ የኮሞዶር ሰማያዊ ስክሪን «38911 ባይት ነፃ» ብሎ ሲጠብቃችሁ ስሜቱ ይገባችኋል።

ወር ሁለት ወር ተጫውታችሁ ፍቅሩ ካልለቀቃችሁ ዘመድ ጠይቁ። አውሮፓ ያለውን እንጂ አሜሪካ ያለውን አይደለም። የአውሮፓው እንደኛ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት የሚሠራ ነው፣ መብራቱም ይስማማል። በኔ ግምት ለሻንጣ የሚመቸው ስፔክትረም ነው፤ ትንሽና ቀላል ነው። ቴፕ እንኳ አያስፈልገውም። ጨዋታውን እንደ ድምፅ ፋይል ስልካችሁ ላይ አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ትጭኑታላችሁ። አምስት ደቂቃ ገደማ ይጮሃል፣ የስክሪኑ ዳር በሰማያዊና ቢጫ መስመር ይተራመሳል፣ ከዚያ ይከፈታል። ኮሞዶር ካመጣችሁ በራሱ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አታብሩት። 5 ቮልቱ ሲያረጅ ከፍ ይልና ቺፖቹን ይጨርሳቸዋል። መጀመሪያ መጋላ አስለኩት።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ አለ። ጅዳ ወይም ኩዌት ዘመድ ያላችሁ፣ የድሬ ሰው ደግሞ መቼ አጥቶ፣ «ሰኽር» ብላችሁ ጠይቁ። የኩዌት ኩባንያ በፈረንጆቹ 80ዎቹ ለአረብ አገሮች ያቀረበው ኤምኤስኤክስ የሚባል ዓይነት የቤት ኮምፒውተር ነው፤ ኪቦርዱ ላይ የአረብኛ ፊደል አለው። የሆነ ሰው ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ኪቦርድ ያለው ቲቪ ጌም ግን ኮምፒውተር ነው ቢሏችሁ በኮምፒውተር ዋጋ አትግዙ፤ የኔንቲዶ ቅጂ ነው። ለልጅ ጥሩ ነው።

እኔ ጋ ሁለት የፍሎፒ ገመድ፣ አንድ የሚሠራ ሲዲ ማንበቢያና ጥቂት ያልተነኩ ፍሎፒዎች ትርፍ አሉ። ድሬ ያለ ወስዶ ይጠቀምበት፣ በነፃ ነው። ሐረር ያላችሁ ቅዳሜ ስወጣ ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ ብቻ ቀድማችሁ ንገሩኝ።