ማዳበሪያ ጠግቦ የቀጨጨው በቆሎ

የዳንግላ ልጅ፦
ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኝ ነው። አባዬ ዘንድሮም ኤንፒኤስ የሚባለውን፣ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ (እሱ እስካሁን በድሮው ማዳበሪያ ስም ዳፕ ነው የሚለው) በልኩ አድርጎ ነው የዘራው። በቆሎው ግን ጉልበት ሳይደርስ ቀጨጨ፣ የታች ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ወይን ጠጅ መሰለ። እናቴ አመድና ጥራጊ የምትደፋበት ጓሮ ያለው ደግሞ፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ በዓይኑ ሳያይ ከኔ ቁመት በልጧል። ማዳበሪያው ነው የተበላሸው?

ባለትራክተሩ፦
ዩሪያ ጨምሩበት፣ ይነሳል።

አፈር ቆፋሪ፦
ኧረ ቆይ፣ ዩሪያ ምን ሊያደርግለት! ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ሲያጥረው ደግሞ ቢጫ ነው የሚሆነው። ወይን ጠጁ የፎስፈረስ ረሃብ ነው። ብርድ ሲመታውም ለጊዜው እንዲያ ይሆናል፣ እናንተ ጋ ግን አፈሩ ቀይ ከሆነ እኔ አሲዳማነቱን ነው የምጠረጥረው። ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል፣ ሥሩ አጭርና ዱልዱም ሆኖ ይቀራል (አንዱን ነቅለህ እየው)፤ ያው አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሆኖ ፎስፈረሱንም ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ፎስፈረስ ደግሞ እንደ ናይትሮጅን ከውሃ ጋር እንደልብ አይጓዝም። ሥሩ ካልሄደበት እዚያው ነው። አባትህ የከፈለበት አልጠፋም፣ መሬቱ ውስጥ ታስሮ ነው ያለው። የእናትህ ጓሮ ያማረው አመዱ አሲዱን ስለሚሰብረው ነው።

የሜጫው፦
አሲዱን ለመስበር ኖራ ነው የሚያዋጣው፣ ግን ከመዝራታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ በትኑትና በእርሻ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ የሚጠጣ መሬት አለ፣ ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ። እኛ አንዴ ድካም ለመቀነስ ብለን ኖራውን ከማዳበሪያው ጋር ቀላቅለን እርጥብ አፈር ላይ በተንነው። ሽንት ሽንት ሸተተን። ለካ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ እየበረረ ነው፣ ገንዘባችንን ነው ያሸተትነው!

የአያቴ ልጅ፦
ኖራው እስኪገኝ ግብጦ (ጥራጥሬውን) ከበቆሎው ጋር እያፈራረቃችሁ ዝሩበት። አሲዳማ መሬት ይችላል። ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጠቀጠቀ ጥቃቅን ሥር ያወጣና ሲትሪክ አሲድ፣ ያ ሎሚ ውስጥ ያለው፣ እያመነጨ የታሰረውን ይፈታዋል። ናይትሮጅንም ከአየር ይይዛል።

የዳንግላ ልጅ፦
ነቅዬ አየሁት፣ ሥሩ እውነትም ዱልዱም ነው። ፎቶውን ማታ እለጥፋለሁ። የግብጦውን ነገር ለአባዬ ብነግረው ሳቀብኝ፣ «ለግብጦ አረቄው ነው የፈለግኸው» አለኝ።