ጥቆማ፦ ለፕሬሪ ዶግ፣ ለ.22-250 ሳቬጅ የማን ባረል ይሻላል?

የሱፎልሱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳውዝ ዳኮታ ነው የምኖረው። በስተምዕራብ ያለ አንድ ከብት አርቢ ፕሬሪ ዶግ (ጉድጓድ የሚቆፍር የሽኮኮ ዘመድ) ግጦሹን በጉድጓድ ስለጨረሰበት እንድንተኩስለት ፈቅዶልናል። የያዝኩት ሳቬጅ 110 ጠመንጃ ነው፣ በ.22-250 ጥይት። ባረሉ (ቱቦው) አልቋል፤ ጉሮሮው፣ አረሩ ወደ ቱቦው የሚገባበት፣ ተቃጥሎ ተሰነጣጥቋል፣ ጥይቱም አንድ ቦታ አይመታም። የምተኩሰው ከ300 እስከ 500 ያርድ ነው። የማን ልግዛ? የውስጡ ጥምዝስ 1 በ14 (በ14 ኢንች አንድ ዙር) ይሁን 1 በ8?

ቴክሳስ_ነኝ፦
ሺለን። እዚሁ ቴክሳስ፣ ኤኒስ ነው የሚሠራው። አጎቴም እኔም ሌላ ገጥመን አናውቅም።

ክንዴ፦
ባረሉን ተወውና የሚገጥምልህን ሰው ተጠንቀቅ! በ.243 ጥይት የምትተኩሰውን ሬሚንግተን 700 ጠመንጃዬን ለአንድ ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ሠሪ) ሰጠሁ፣ ስሙን አልጠራም። የአደን ወቅቱ ካለፈ በኋላ መለሰልኝ። ስተኩስ ቀለሁ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ተሰነጠቀ። ሌላ ባለሙያ ሲለካው ቻምበሩ፣ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ከልኩ በላይ ጠልቆ ተቆርጧል። ዓይኔን ቢያጠፋኝስ ኖሮ?

ሰናይት_ኦሮራ፦
እግዚአብሔር አተረፈህ! ገንዘብህን መለሰ?

ክንዴ፦
የት አባቱ! «ጥይትህ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

ዳላስ_ልጅ፦
ክሰሰው እንጂ። ቀለሁን እንዳትጥለው፣ ማስረጃህ እሱ ነው።

ቴክሳስ_ነኝ፦
ሺለን ቢሆን ይሄ አይደርስብህም ነበር።

ክንዴ፦
ወንድሜ፣ ባረል ሠሪውን ምን አመጣው? ቶርኖው ላይ አስሮ ቻምበሩን የቆረጠው ሰውዬው ነው።

ጌች፦
በዚሁ አጋጣሚ ጥሩ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) የምታውቁ ጠቁሙኝ።

አነጣጣሪው፦
500 ያርድ ላይ ፕሬሪ ዶግ! ከባረሉ ጋር ነፋሱንም አስረው ይልኩልሃል መሰለኝ።

የሞንታናው፦
የሱፎልሱ፣ ከሠሪው ስም አትጀምር፤ ከአረሩ ጀምር። ከ40 እስከ 55 ግሬን የሚመዝን አረር የምትተኩስ ከሆነ 1 በ14 ወይም 1 በ12 ይበቃሃል። በዚያ ሜዳ ነፋሱን ለመቋቋም 75 ወይም 80 ግሬን ካማረህ ግን 1 በ8 ግድ ነው። ረጅም አረር በ1 በ14 አይረጋም፤ ወረቀት ላይ በጎኑ የገባ ቀዳዳ ታያለህ። ጥምዝ የሚፈልገው ርዝመቱ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ መዳብ የሆነ አረር ክብደቱ እኩል ቢሆንም ከእርሳሱ ይረዝማልና አስብበት። ደግሞ ቅርፊቱ ስስ የሆነውን ቀላል አረር በ1 በ8 በ.22-250 ፍጥነት ከላክኸው አየር ላይ ሊበተንብህ ይችላል።

ከባረል ሠሪዎቹ ክሪገርና ባርትላይን የባረሉን ጠመዝማዛ ቦይ በመቁረጫ እየፋቁ ያወጣሉ፤ ሺለን፣ ሃርትና ሊልያ ጠንካራ ብረት በውስጡ አሳልፈው ያትሙታል። ሁሉም ጥሩ ይሠራሉ፤ ፕሬሪ ዶጉ ልዩነቱን አያውቅም። ወፍራሙን ግዛ። እዚያ ተኩሱ ፋታ የለውም፤ ቀጭን ባረል ቶሎ ይግልና ከላዩ የሚነሳው ሙቀት በስኮፑ ውስጥ ኢላማውን ያወዛውዝብሃል። .22-250 ከ.223 ጥይት በ10 ግሬን ገደማ የሚበልጥ ባሩድ ያቃጥላል፣ ጉሮሮውን የበላውም ይኸው ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛ ጠመንጃ ይዤ አንዱ እስኪበርድ በሌላው እተኩሳለሁ።

ሳቬጅ በመሆኑ ደግሞ ደስ ይበልህ፤ ባረሉ በዳዶ ነው የሚታሰረው። ቻምበሩ ያለቀለት ባረል ግዛ፤ ሞርሳ፣ የዳዶውን ኪያቤ፣ የቻምበሩን ጥልቀት የሚፈትሹትን ጎ እና ኖ-ጎ መለኪያ ካገኘህ ራስህ ትገጥመዋለህ። መቀርቀሪያው በጎው ላይ ይዘጋ፣ በኖ-ጎው ላይ እምቢ ይበል። የክንዴ ጠመንጃ በዚህ ቢፈተሽ ኖሮ ሳይተኮስ ይያዝ ነበር።

ቴክሳስ_ነኝ፦
ጥሩ ብለሃል። ግን ሺለን።

ሰናይት_ኦሮራ፦
ወደ ዩታ የምታመሩ ካላችሁ፣ የዩታ ፕሬሪ ዶግ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ዝርያ ነው። እንዳትሳሳቱ።

የሱፎልሱ፦
ጋሽ ሞንታና ዕድሜ ይስጥልኝ! 55 ግሬን በካርቶን ቤት ሞልቷል፣ ግን ያ ነፋስ... ክንዴ፣ ሰውዬው የት ከተማ ነው? እኛም እንድናውቀው።

ክንዴ፦
በውስጥ እነግርሃለሁ። ሞንታና፣ ጓደኛዬ የ.308 መለኪያ አለው፤ ለ.243 ይሆነኛል?

የሞንታናው፦
ይሆናል። .243 የተሠራው የ.308ን ቀለህ አንገት አጥብቦ ነው፤ መለኪያቸው አንድ ነው።

ጌች፦
የስኮፑ ነገርስ?