ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ሀኪም "ምንም የለብሽም" አለኝ፣ ቴራፒ ይረዳኛል?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ግራ ስለገባኝ ነው ምጽፈው ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ማታ ጎኔን ሳሳርፍ ሀሳብ ይጀምረኛል፣ ነገ ስራ ላይ እንዲህ ቢሆንስ፣ እናቴ ስልክ ያላነሳችው የሆነ ነገር ሆና ቢሆንስ፣ እንዲህ እያልኩ ሌሊቱ ይነጋል። ቀን ደግሞ ትከሻዬና አንገቴ ድርቅ ይላል፣ ሆዴ ይረበሻል፣ በትንሽ ትልቁ እነጫነጫለሁ። ባለፈው ሊፍት ውስጥ እያለሁ በድንገት ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼንና ከንፈሬ አካባቢ ነዘረኝ፣ በቃ ሞትኩ ነው ያልኩት። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ደምም ታይሮይድም ታየልኝ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ዶክተሩ "ጭንቀት ነው፣ ቴራፒስት ብታናግሪ ጥሩ ነው" አለኝ። ከዛ ወዲህ ሊፍት አልገባም በደረጃ ነው ምወጣው፣ ስብሰባ ካለም ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። በሽታ ከሌለብኝ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ቴራፒ ቁጭ ብሎ ማውራት ከሆነስ ጓደኞቼ አይበቁኝም ወይ? እውነቱን ለመናገር ሰው እንደ እብድ እንዳያየኝም እፈራለሁ።

ዳገት፦
እህቴ እንኳን ቀድመሽ ተመረመርሽ። እኔም በዚሁ ስላለፍኩ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ምርመራው ደህና ነው ማለት የተሰማሽ ነገር ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ልብሽ የእውነት ነው የመታው። አእምሮ አደጋ አለ ብሎ ካመነ፣ አደጋው ይኑርም አይኑርም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የሆድ ስራ ይስተጓጎላል፣ ሁሉም ሰውነትን ለመሮጥ ወይ ለመታገል ሲያዘጋጅ ነው። መንዘሩ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ውስጥ ስለሚቀንስ ነው። እኔ ይሄን ሲያስረዱኝ ነው ግማሹ ፍርሀት የለቀቀኝ። የያዘሽ ፓኒክ አታክ፣ ማለትም በድንገት ሚመጣ ከባድ የፍርሀት ስሜት ነው ሚመስለው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጫፍ ይደርስና ምንም ባታደርጊም ራሱ ይወርዳል። ሲመጣብሽ አየር ለመሳብ አትታገዪ፣ በቀስታ አስገብተሽ ረዘም አድርገሽ አስወጪ። እብድ ምናምን ሚለውን ግን ተዪው፣ እኔ የገባሁበት ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነበር ያለው፣ ውጪ ተራ ሚጠብቁትም ከስራ ወጥተው ቦርሳቸውን እንደያዙ የመጡ ሰዎች ናቸው።

የምክር ባለሙያ፦
ዳገት ጥሩ አድርገህ አስረድተሃታል። ትንፋሹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያረጋጋል እውነት ነው፣ ግን "ያለሱ አልተርፍም" ወደሚል ከሄደ እሱም ሌላ መሸሻ ይሆናል።

እኔ ዓይኔ ያረፈው ሊፍት አልገባም ያልሽው ላይ ነው። በደረጃ ስትወጪ ወዲያው እፎይ ትያለሽ አይደል? ችግሩ ያለው እዛ እፎይታ ውስጥ ነው። አእምሮሽ "የተረፍኩት ስላልገባሁ ነው" ብሎ ይይዛል፣ ሊፍቱ እንደማይገድልሽ ሚማርበት አጋጣሚ ያመልጠዋል። ቀጥሎ ስብሰባ ተጨመረ፣ ነገ ደግሞ አውቶብስ ይመጣል፣ መዋያሽ እየጠበበ ይሄዳል። ጭንቀት ሚወፍረው በዚህ ነው፣ በሽሽት።

ከጓደኛ ሚለየውም እዚህ ጋ ነው። ጓደኛ ስለሚወድሽ "አይዞሽ ምንም አትሆኚም" ይልሻል፣ ለአንድ ሰአት ይበቃሻል ከዛ መልሰሽ ትጠይቂዋለሽ። ቴራፒስት ግን ወረቀት አውጥቶ፣ ሊፍት ብትገቢ ምን ይሆናል ብለሽ ነው ምትፈሪው ይልሻል። ራሴን ስቼ እወድቃለሁ ትያለሽ። ከመቶ ስንት ታምኚበታለሽ? ይልሻል። 80 ትያለሽ። ትጽፊዋለሽ። ከዛ ቀስ በቀስ ነው፣ መጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ ገብቶ መቆም፣ ቀጥሎ ከሰው ጋር አንድ ፎቅ፣ ከዛ ለብቻ፣ ያውም ተደጋግሞ፣ ስትወጪ የፈራሽው ሆነ አልሆነ ትጽፊና 80ውን መልሰሽ ታዪዋለሽ። ይሄ ሲቢቲ ሚባለው የአስተሳሰብና የባህሪ ህክምና ነው፣ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሀኪም) እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለድባቴ ብሎ የጀመረው፣ በኋላ ለጭንቀትም በደንብ የተፈተነ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ እየሆነ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ አካባቢ ይወስዳል፣ የቤት ስራም አለው፣ ለውጡ በብዛት ሚመጣውም ከቤት ስራው ነው።

መድሀኒት ለአንዳንድ ሰው ያስፈልጋል፣ ሚያዘው ሳይካትሪስት ወይ ሌላ ሀኪም ነው፣ ኤስኤስአርአይ ሚባሉት ለጭንቀትና ለድባቴ ሚታዘዙት ስራቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃሉ። ቶሎ ሚያረጋጉትን እንደ ዲያዜፓም ያሉትን ግን አደራ ከሰው ተቀብለሽ እንዳትወስጂ፣ ጥገኛ ያደርጋሉ።

ታዛቢ፦
እህቴ አታካብጂው፣ የስራ ጫና ነው። እረፍት ውሰጂ፣ ቡና ቀንሺ፣ ስፖርት ስሪ፣ ያልፋል።

ዳገት፦
ታዛቢ ያልከው ሁሉ ይጠቅማል፣ ካፌይን ልብ ሚያስመታ ነገር ነው፣ እንቅስቃሴም እንቅልፍ ያመጣል። ግን ስትሬስ ጫናው ሲቀል አብሮ ይቀላል፣ እሷ እኮ ማታ ስራ በሌለበት ሰአት ስለ እናቷ ስልክ ነው ምትጨነቀው። አታካብጂው ሚለው ቃል ደግሞ ሰውን ዝም ያስብላል እንጂ አያሽርም፣ ብዙ ሰው ለአመታት ብቻውን ሚሰቃየው እንዲህ እየተባለ ነው።

ማለዳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሳነበው እንባዬ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ምንድነው ሚጠይቁኝ? ሰውየው ካልተመቸኝስ?

የምክር ባለሙያ፦
መቼ ጀመረሽ፣ ምን ያባብሰዋል፣ እንቅልፍሽ፣ ስራሽ፣ ቤተሰብ፣ ሚወሰድ መድሀኒት፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ጂኤዲ 7 ሚባል የጭንቀት መጠይቅ ሊሰጥሽ ይችላል፣ 7 ጥያቄ ነው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ሚመለከት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል። ድምሩ 10ና ከዛ በላይ ከሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው፣ ብቻውን ግን በሽታ አለብሽ አያስብልም። ማትፈልጊውን የዛን ቀን መናገር አትገደጂም። ምትነግሪው ሚስጥር ነው፣ ያንቺ ወይ የሌላ ሰው ህይወት አደጋ ላይ ነው ካልተባለ በቀር፣ ይሄንንም መጀመሪያውኑ ሊነግሩሽ ይገባል። ካልተመቸሽ ፊት ለፊት ንገሪው፣ ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም፣ ካልሆነም ሌላ ትቀይሪያለሽ፣ መብትሽ ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ ራስሽን ሚያስጠላ ወይ መኖር ሚያስመርር ሀሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሊፍቱን አሁኑኑ ለብቻዬ ካልገባሁ ብለሽ ራስሽን አታስገድጂ፣ እሱ በቅደም ተከተል ይደረስበታል። ስብሰባው ግን በር አጠገብም ቢሆን ተቀመጪ እንጂ አትቅሪ።